ጠባሳው ላይ የተለጠፉት አራቱ

አናጢው በሆዱ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወገቡ አልሽር ብሎ ሦስት ዓመት አሠቃይቶታል። ጠባሳው ላይ፣ ሲበዙ ትንፋሽ የሚያቆሙ አራት የሕመም ማስታገሻ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል፤ የታዘዘለት በሦስት ቀን አንድ ብቻ ነበር።

ፖሊሶቹ ያስታመመችውን ሴት ልጁን ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚጠረጠረው ያስታመመው ነው። ኢንስፔክተሯ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብላ አስቆመቻቸው። ትናንት ወደ መኝታ ቤቱ የገቡት ልጅቷ፣ ቤት ድረስ እየመጣ የሚያክመው ነርስና የአናጢነት ወርክሾፑን የያዘለት ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው።

«የት ነበር የምትለጥፊለት?»

«ደረቱ ላይ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። የትናንቱም እዚያው አለ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች።

«ለምን ሕመሙ ያለበት ላይ አይሆንም?»

ነርሱ ጣልቃ ገባ። «መድኃኒቱ በደም ነው የሚሄደው። ጠባሳ ላይ አይለጠፍም፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። አራቱም ፕላስተሮች ቆዳው ላይ በተሰመረ አንድ ቀጭን የእርሳስ መስመር ላይ ተደርድረዋል።

ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ልጅቷና ነርሱ ቦታውን ያውቃሉ፤ አይሳሳቱም። የማያውቅ ሰው ነው ያመመው ላይ የሚለጥፈው። መስመር ሳያሰምር ምንም የማይለጥፍ ደግሞ አናጢ ነው። ሟች ራሱ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ወገቡ ላይ መድረስ አይችልም። ጀርባውን ሰጥቶ የተኛው ለሚያምነው ሰው ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ምን ብለው አስተኙት?»

«ነርሱ ያዘዘው ነው አልኩት» አለ አቀርቅሮ። «ሲጮህ መስማት አቃተኝ። ስቃዩን ላሳጥርለት ብዬ ነው!»

«ጩኸቱማ ቆሟል» አለ ነርሱ። «ነርቩን የሚያደነዝዘውን መሣሪያ ከሞከርንለት ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሰላማዊ እንቅልፍ ተኝቷል። በሚቀጥለው ወር ከቆዳው ሥር ልንቀብርለት ነበር።»

«እርስዎም ያውቁ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰኞ ወርክሾፕ እመጣለሁ ሲልዎ ነርሱ ሰምቷል።»

ታናሽየው ቱግ አለ። «ሦስት ዓመት ወርክሾፑን ብቻዬን አቆምኩት! አሁን ተነሥቶ ሊመጣና እኔ እንደገና ጣውላ አቀባይ ልሁን?»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። ድምጿ የቀዘቀዘ ነበር።

«አጎቴ፣ አባዬ ሰኞ የሚመጣው ሠራተኞቹን ሊሰናበት ነበር። ‹ወርክሾፑ የወንድሜ ነው፤ ደክሞበታል› ብሎኝ ነበር።»