የጌታው አይጦች

መጀመሪያ ሲያገኘኝ መስኮቱ ሥር ቅጠል አስጥቼ ነበር። አንዱን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አነሳና፣ «ላቦራቶሪ የገባሁ መስሎኝ! ለካ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ቤት ኖሯል» አለ።

ንቀቱ ዕውቀት መሰለኝና ወደድኩት። ማንን እወቅሳለሁ?

ባልደረቦቻችን በሌለበት «ጌታው» ይሉታል። ከእሱ ጋር፣ ቅጠሉ ሕመም ያስታግስ እንደሆነ በአይጦች መሞከር ጀመርን። አይጧን ሞቅ ያለ ብረት ላይ እናስቀምጣታለን፤ ሲያማት እግሯን ትልሳለች፣ ወዲያው እናነሳታለን። ዘግይታ ከላሰች መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው። ሥራውን ያከፋፈለው እሱ ነው፤ ቅጠሉን የጠጡት ለእሱ፣ ውሃ ብቻ የጠጡት ለእኔ።

የኔዎቹ ቶሎ ይልሳሉ። የሱዎቹ ንቅንቅ አይሉም። በጅራታቸው ይዞ እንደ እርጥብ ካልሲ ሲያራግፋቸው አጠገቡ ቆሜ አየዋለሁ። የማየው ግን ጣቶቹን ነበር። አቤት ጣቶቹ!

«ቅጠልሽ» ይል የነበረው «ቅጠላችን» አለ። ቀጥሎ «ሰርጋችን» አለ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም።

«እሱ ፊት ምነው እንዲህ ረጋ አልሽ? ያ ሁሉ ልፍለፋ የት ገባ?» አለችኝ።

አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ቀረ። የሱን አይጦች በመዳፌ አቅፌ እኔው ሞከርኳቸው። ቅጠሉን ጠጥተውም እንደ ኔዎቹ ቶሎ ላሱ።

በማግስቱ፣ ሳልነግረው፣ ውሃ የጠጡትን ሰጠሁት። ብረቱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«አየሽልኝ ቅጠላችንን!»

«ውሃ ነው የጠጡት።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ሕመሙ አልተዋቸውም» አልኩት። «ፈርተውህ ነው።»

«አይጥ ፈራችው ብለሽ ልትጽፊ ነው? ሰው ይስቅብሻል!»

«ይሳቅብኛ።»

«ሁለት ዓመት የለፋሽበት ነው እኮ። በገዛ እጅሽ ገደል ልትከቺው?» ድምፁን አለዘበና አገጬን ያዘ። «የኔ ቆንጆ፣ ተይው። ዝም ስትይ ነው የምታምሪው።»

እጁን ከአገጬ ላይ አነሳሁት። ሰውን መናቅ እንዲህ ይቀላል እንዴ! ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስጠብቅ ነበር?

አለቃችን ቢሮ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። «ቅጠልሽም ቀረ፣ እኔም ቀረሁብሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ቀሩ። ለቅጠሉ አለቀስኩለት።