እምቢ ያለው የሣር ማጨጃ

ውዳሴ ጅማ ውስጥ የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ከእንቅልፏ ተነሳች።

ነገ አክስቷ ትርሲት ታገባለች። ሠርጉ የሚደገሰው እዚሁ፣ እነውዳሴ ግቢ ውስጥ ነው።

ግን ግቢው ሣር በሣር ሆኗል። ሣሩ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ፣ ጠጥቶ፣ የውዳሴን ጉልበት አልፏል።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተካዮቹ ይመጣሉ። «ሣሩ ካልታጨደ ድንኳን አንተክልም» ብለዋል።

የውዳሴ አባት የሣር ማጨጃውን ማሽን ከዕቃ ቤት እየገፋ አወጣ። ማሽኑ ቀይ ነው። አራት ጎማ አለው። ላዩ ላይ ደግሞ ሸረሪት ድር ሠርታበታለች።

«አባዬ፣ እኔ ልርዳህ?» አለች ውዳሴ።

«ቆይ የኔ ልጅ። ራቅ ብለሽ ደረጃው ላይ ተቀመጪ። አሁን ይነሳል» አላት።

አባቷ የማሽኑን ገመድ ያዘና ሳበ።

«ተር... ተር... ተር... ጭጭ።»

ማሽኑ እምቢ አለ።

አባቷ እንደገና ሳበ። በጣም በኃይል ሳበ።

«ተር... ተር... ተር... ጭጭ።»

ማሽኑ እምቢ አለ።

«ኤጭ» አለ አባቷ። ሹራቡን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

ጋሽ ምትኩ ድምፁን ሰምተው መጡ። ጋሽ ምትኩ ጎረቤት ናቸው። ለሁሉም ነገር ምክር አላቸው።

«ቀስ ብለህ ሳበው» አሉ። አባቷ ቀስ ብሎ ሳበው። «ተር... ጭጭ።»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ሳበው» አሉ። አባቷ ቶሎ ቶሎ ሳበው። «ተርተርተር... ጭጭ።»

«እስኪ ወደ ፀሐይ አዙረውና ሳበው» አሉ። አባቷ ማሽኑን ወደ ፀሐይ አዞረው።

«ተር... ተር... ተር... ጭጭ።»

ማሽኑ እምቢ አለ።

«ጋሽ ምትኩ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው» አለ አባቷ ላቡን እየጠረገ። «ጤፍ አይደለም፣ ፀሐይ ላይ የምናሰጣው።»

ጋሽ ምትኩ ተቀየሙ። ቤታቸው ሄደው ማጭድ ይዘው ተመለሱ። አንዲት ጥግ አጨዱ። ከዚያ ወገባቸውን ያዙ።

«አይ ወገብ» አሉና መጥተው ደረጃው ላይ ከውዳሴ አጠገብ ተቀመጡ።

ሙሽራዋ ትርሲት ከቤት ወጣች። ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ጭንቅላቷ ጥቅል ጎመን መስሏል።

«ወንድሜ፣ ድንኳን ተካዮቹ ሊመጡ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለ የውዳሴ አባት።

«እስኪ እኔ ልሞክር» አለችና ገመዱን ተቀበለችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሳበች።

«ተር... ተር... ተር... ጭጭ።»

አንዱ ቢጎዲን ከፀጉሯ ተፈትልኮ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ፈለጉት። አላገኙትም።

ትርሲት ቀና ብላ ግቢውን አየች። «እንግዶቼን እዚህ ጫካ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው?» አለች። እንባዋ መጣ።

የውዳሴ አባት ማሽኑን በእርግጫ ሊለው እግሩን አነሳ። ውዳሴ ስታየው አያት። እግሩን ቀስ ብሎ መለሰና ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ውዳሴ ከደረጃው ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ማሽኑ ቁርስ በልቷል?»

«ማሽን ቁርስ አይበላም። ቤንዚን ነው የሚጠጣው» አለ በሰለቸ ድምፅ።

«መቼ ጠጣ?»

አባቷ ማሽኑን አየት አደረገ። አሰበ።

«ዓምና» አለ።

«እኔ የዓምና ወተት አልጠጣም» አለች ውዳሴ።

ትርሲት እያለቀሰች ሳቀች።

አባቷ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ፊቱን አጨማደደ። «በቃ፣ መሳቡን እንተወው» አለ። «እስኪ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።»

አሮጌውን ቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ገለበጠው። ጋሽ ምትኩ ቅያሜያቸውን ረስተው ከሞተር ሳይክላቸው አዲስ ቤንዚን ቀድተው አመጡ።

ከዚያ አባቷ የአየር ማጣሪያውን አወጣ። በአቧራና በደረቅ ሣር ተጠቅጥቋል።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች ውዳሴ። «አፍንጫው ተዘግቷል።»

አባቷ ማጣሪያውን ድንጋይ ላይ መታ መታ አደረገው። ጧ! ጧ! አቧራው ተነሳ። ጋሽ ምትኩ አነጠሱ።

ከዚያ ካንዴላዋን ፈታ። ካንዴላ እሳት የምትጭር ትንሽ ዕቃ ናት። ጥላሸት ለብሳ ጠቁራለች። ውዳሴ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አመጣችለት። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፤ ካንዴላዋ ጸዳች።

አባቷ ሁሉንም በየቦታው መልሶ ገጠመ። አዲሱን ቤንዚን ሞላ። ውዳሴም ወደ ደረጃዋ ተመለሰች። አባቷ ገመዱን ሳበ።

«ተር... ተር... ተር... ጭጭ።»

«ኤጭ» አለች ውዳሴ።

«ኤጭ» አለች ትርሲት።

«ኤጭ» አሉ ጋሽ ምትኩ።

አባቷ ግን አሁን እግሩን አላነሳም። በረጅሙ ተነፈሰና ተንበረከከ። «ቤንዚን አለ። አየር አለ። ካንዴላዋ ጸድታለች» እያለ ቀጭኗን የቤንዚን ቱቦ በጣቱ ተከተላት። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ዘግቼዋለሁ» አለ በቀስታ።

«ምኑን?» አለች ትርሲት።

«የቤንዚኑን መክፈቻ። አሮጌውን ስገለብጥ እኔው ራሴ ዘጋሁት።»

ትርሲት ወደ ሰማይ አየች። ጋሽ ምትኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አባቷ መክፈቻውን ከፈተና ገመዱን ሳበ።

«ተር... ተር... ተርርርርርርርር!»

ማሽኑ ተነሳ። ነጭ ጭስ ቡፍ አለ። ትርሲት እልልታዋን አቀለጠችው፤ ውዳሴ ደረጃው ላይ ዘለለች።

አባቷ ማሽኑን እየገፋ ወዲያ ሄደ፤ እየገፋ ወዲህ መጣ። ረጅሙ ሣር አጭር ሆነ። ድንኳን ተካዮቹ ሲደርሱ ግቢው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ጠበቃቸው።

ማታ ሁሉም ለራት ተቀመጡ። አባቷ እንጀራውን በሽሮ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠና ጉርሻው ወደቀበት። ሌላም ጠቀለለ። ያም ወደቀበት።

«እጄ ገመድ በመሳብ አልቋል» አለ።

ውዳሴ እጇን ታጥባ መጣች። «አባዬ፣ አፍህን ክፈት» አለችው። ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። ደግማ አጎረሰችው። እስኪጠግብ አጎረሰችው።

አባቷ የመጨረሻውን ጉርሻ ሳይጨርስ ዓይኑ ተከደነ። ትርሲት «ወንድሜ፣ አልጋህ ላይ ተኛ እንጂ» ልትለው ተጠጋች።

«ተዪው፣ ደክሞታል» አለች ውዳሴ በሹክሹክታ። ጋቢ አለበሰችውና ክንዱ ሥር ገብታ እሷም ተኛች።