የአርባ አንደኛዋ ወንበር

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ለሠራተኞቼ ደስታና ምቾት አስባለሁ ብሎ ቅጽ በተነ። «ስም አይጻፍም፤ እውነቱን ብቻ» ተባለ። አምና እውነቱን የተናገረች ሰፊ በሳምንቷ ስትባረር ያየ ግን በዚህ አይታለልም።

አርባ አንደኛው መኪና ላይ የምትሰፋው ልጅ ወገቧ እሳት ሆኗል። ወንበሯ ይወዛወዛል፤ ቁራጭ ጨርቅ አጣጥፋ ብትቀመጥም አልሆነላትም። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ የሚያድሩት ግን በእሷ ሥራ ነው። ስለዚህ «ተመችቶኛል፤ ደስተኛ ነኝ» ብላ ጻፈች። ልማድ ክፉ ነውና፣ ሰፍታ በጨረሰችው ሁሉ ላይ እንደምታደርገው፣ ሳታስበው ጥጉ ላይ የመኪናዋን ቁጥር «41» ጻፈችበት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ አስጠሯት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅጾች ተቀምጠዋል። ሁለቱም 41ን ይጠራሉ።

«ይኼኛው ደስተኛ ነኝ ይላል» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ይኼኛውን ደግሞ ራስሽ አንብቢው።»

«አርባ አንድ ላይ ያለችው ልጅ አራት ሰዓት ሲሆን ተነሥታ ወገቧን ትይዛለች። ሰው አየኝ ብላ ዞር ዞር ትልና ትቀመጣለች። ወንበር ከጠፋ የእኔን ስጧት፤ እኔ ቆሜ እሠራለሁ።»

የወረቀቱ ዳር በማሽን ዘይት ተነክቷል። ማን እንደሆነ ወዲያው ገባት። መኪናዋ ሳይበላሽ ሊጠግን የሚመጣው መካኒክ ነው። ጓደኞቿ «ባልሽ መጣ» እያሉ ያበሽቋታል፤ እሱ ግን ከ«ደኅና ዋልሽ» አልፎ አያውቅም።

«ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ይኼ ሁለተኛው የተጻፈው የፋብሪካውን ስም ለማጥፋት ከሆነ፣ ጸሐፊውን ፈልጌ አሰናብተዋለሁ።»

አላመመኝም ብትል እሷ ትድናለች፤ እሱ ይባረራል። የእናቷ ፊት ድቅን አለባት።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ያመኛል። ፈርቼ ነው የደበቅሁት።»

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ቅጾች አንድ ላይ አጠፏቸው። «ሰኞ ውሳኔውን ትሰሚያለሽ። ሂጂ።»

ስትወጣ መካኒኩ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የተባለውን ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሁሽ?» አላት።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ፈራሁ። ለእነሱ መጻፍ ቀለለኝ።»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም ተከተለው።

«በጣም ፈርቻለሁ» አለችው። «ከተባረርኩ ለእናቴ ምን እላለሁ?»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ እንደማመንታት እያለ ዘረጋላት።

ያዘችው።

«በል እንግዲህ» አለችው፤ «እስከ ሰኞ አብረን እንፍራ።»