ሁልጊዜ ሁለት ሜትር

ሰኔ ሦስት ቀን 2141 ዓ.ም. ላይ ሐይቅአፍ ከተማ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ነበራት። በየትኛውም ቦታ ሲለካ ስፋቱ ሁለት ሜትር ነው። መስመሮቹ ቀለም ሳይሆኑ ከአስፋልቱ ውስጥ የሚበሩ መብራቶች ናቸው። «አሳቢ አስፋልት» ይባላል፤ የመኪናውንና የብስክሌቱን ብዛት እያየ መስመሮቹን ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል።

የልኬት ባለሙያዋ ትርሲት የዚያን ቀን ጠዋት የመጣችው በጋሽ ይርሳው ጉዳይ ነበር። ጋሽ ይርሳው የሰባ አንድ ዓመት ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ባለፈው ወር አውቶብስ ገፍቷቸው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ከተማው ግን «መንገዱ ሁለት ሜትር ነው፤ ጥፋቱ የብስክሌተኛው ነው» ብሎ የመንዳት ፈቃዳቸውን ነጠቀ። እሳቸውና ትርሲት ሦስት ዓመት ሙሉ የብስክሌት መንገድ ደረጃ እንዲሻሻል ፊርማ ሲያሰባስቡ ኖረዋል።

ትርሲት የጨረር መለኪያዋን አበራች፤ መለኪያው ሲበራ ማንነቱን ለመንገዱ ያሳውቃል። 2.00። ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ደገመች። 2.00። አሥራ ሰባት ቦታ ለካች፤ አሥራ ሰባቱም ያው ነው።

«እንግዲህ ቦይ የገባሁት ዋና አምሮኝ ነዋ» አሉ ጋሽ ይርሳው፣ በፋሻ የታሰረ ክንዳቸውን እያሻሹ።

ትርሲት አልሳቀችም። በሃያ ዓመት ሥራዋ ሁለት ቦታ ላይ እንኳ እንዲህ እኩል የሆነ መንገድ አላየችም። መለኪያዋን አጠፋች።

«ጋሼ፣ ገመድ ይኖርዎታል?»

«ገመድ ያጣ ጠጋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ከመሣሪያ ከረጢታቸው ሲባጎ አወጡላት።

ይህን ጊዜ መስመሩ ዓይኗ እያየ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ሲባጎውን ዘረጋች፤ ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር። የጋሽ ይርሳው ብስክሌት መሪ ብቻውን ስልሳ ስድስት ነው። መለኪያውን መልሳ ስታበራ መስመሩ አለቃው እንደመጣበት ሠራተኛ ተጣድፎ ሁለት ሜትር ላይ ቆመ። ትርሲት ሲባጎውን ጠቅልላ ወደ ከተማው መንገድ ቢሮ ሄደች።

የአስፋልቱ ኃላፊ ኢንጂነር ውባለም ነገሩን አልካደም።

«ማንም አላዘዘውም፣ እህቴ። ሥራ ሲጀምር የሠላሳ ዓመት የፍተሻ ቪዲዮ አሳየነው። ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን የቆመ መኪና ይነሣል፣ መንገዱ ይጠረጋል፣ ጠርዙ ኖራ ይቀባል። በማግስቱ ሁሉም ወደነበረበት። ሥራዬ ይህ ነው ብሎ ያዘዋ።»

«ታዲያ አርሙት።»

«በምን ምሳሌ? እንዲያ ያልተደረገበትን አንድ የፍተሻ ቀን ብንፈልግ መዝገባችን ውስጥ አጣን።»

ትርሲት ሲባጎውን ይዛ ምክር ቤት ቀረበች። ሰብሳቢዋ ሲባጎ የታወቀ መለኪያ አይደለም አሉ። የሕዝቡን ሮሮ ግን ሰምተናልና ደረጃው ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይበል ብለው አስመረጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበም። የጋሽ ይርሳው ፈቃድ አልተመለሰም። መንገዱ ሲሰፋ ጥፋታቸውም አብሮ ሰፋ።

«ከእንግዲህ የሚወድቅ ሰው ሰነፍ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ እየወጡ።

በማግስቱ ጠዋት መለኪያው 2.50 አለ። ትርሲት አጥፍታው ሲባጎውን ዘረጋች። ሰማንያ አንድ ሳንቲሜትር ነበር።