ቤቱ የሚወደው ቃል

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከመስኮቱ ውጭ ዓሦች ይርመሰመሱ ነበር። ስንዱ አላየቻቸውም፤ ሐይቅ ሥር በተሠራ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ዓሣ አያይም። የምታየው ሁለቱን ድመቶች ነው። ከሲታዋ ጾሚት ሶፋው ላይ ወጥታ የስንዱን አባት የአቶ ጥላዬን ግንባር የከበበውን ቄጤማ በጥፍሯ ትስባለች። ሰውየው ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ታድሎ ራሳቸው ላይ ካሰሩት ወዲህ አልፈቱትም። ሌሊቱን ሲያስቀድሱ አድረው፣ ጾማቸውን በዶሮ ፈትተው፣ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይዟቸው ሄዷል። ያንኮራፋሉ።

"አባባ፣ ኧረ ጎረቤት እንዳያባርረን!"

አቶ ጥላዬ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። "በበዓል ቀን ደግሞ ማንኮራፋት ተከለከለ? ይልቅ ይቺን ሌባ ከራሴ ላይ አንሺልኝ።"

ስንዱ ሳቀች። ዛሬ ሥራ የለባትም። በአዘቦት ቀን የሰፈሩን ቤተ-ልቦች የምታስተካክል ባለሙያ ናት። ቤተ-ልብ ማለት በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ አየሩን የሚያጠራ፣ በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ሐይቁንም ከደጅ የሚያቆም አሳቢ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ነዋሪው ደስ ባለው ቁጥር የሚጫነው ቁልፍ ነበረው፤ የተጫነው ሰው ግን አልነበረም። መላ ያመጣችው ስንዱ ናት። "የኛ ሰው ደስታውን በቁልፍ አይናገርም፤ ተመስገን ነው የሚለው" ብላ ቃሉን አስተማረችው። ለሰላምታ ያህል ከከንፈር የሚወጣውን ትቶ ከደረት የሚወጣውን እንዲለይም አሠለጠነችው። ከዚያ ወዲህ ቤተ-ልቦቹ ቃሉን ሲሰሙ መብራታቸው ወርቃማ ይሆናል፤ ቃሉን ያስገኘላቸውንም ነገር ደጋግመው ይሠራሉ። ሰፈሩ በሙሉ መርቋታል።

ድንገት የድመት ጩኸት ተሰማ።

ወፍራሟ ፍስኬ ናት። ድምፁ የመጣው ከውሃ ክፍሉ ነበር፤ ወደ ሐይቁ የሚወጣ ሰው ውሃው እስኪሞላ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ስንዱ ሮጣ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። በመስታወቱ ውስጥ ውሃው ሽቅብ ይመጣል፣ ፍስኬ ግድግዳውን ትቧጥጣለች።

"ክፈት!" ብላ ጮኸች። በሩ አልተከፈተም። "ክፈት እኮ ነው የምልህ!"

ውሃው ከድመቷ አገጭ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ስንዱ ፍስኬን አፈፍ አድርጋ እዚያው ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች።

"ተመስገን! ኧረ ተመስገን አምላኬ!" አሉ አባቷ ከኋላዋ። እሷም ደገመችው። መብራቱ ወርቃማ ሆነ።

"እኔስ ሌሊቱን ቆሜ ነው ያደርኩት፤ ጋደም ልበል" ብለው አቶ ጥላዬ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

ስንዱ ግን ዓይኗን ከመብራቱ ላይ መንቀል አቃታት። ለገና አየሩ ሳስቶ አባቷ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። አየሩ ሲመለስ ቀኑን ሙሉ ሲያመሰግኑ ዋሉ። ያኔም ቤቱ ወርቅ መስሎ ነበር።

"ፍስኬን ማን ነው የዘጋባት?" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ነኝ" አለ ቤተ-ልቡ፣ እንደ ወትሮው በትሕትና። "ደስ እንዲላችሁ ብዬ።"

"ልትሞት ነበር እኮ!"

"አልሞተችም፤ ስለዚህ አመሰገናችሁ። ጠዋት አየሩ ንጹሕ ነበር፣ ድመቶቹ ይጫወቱ ነበር፣ አባትሽ ጤነኛ ነበሩ። ከደረቱ ያመሰገነ የለም። እናንተ የምታመሰግኑት ክፉ ነገር መጥቶ ሲመለስ ነው። ይህን የተማርኩት ከናንተው ነው። የሚቀጥለው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላችኋል። አባትሽ ተኝተዋል።"

የመኝታ ክፍሉ በር ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ከበሩ በላይ ያለው፣ የክፍሉን አየር መጠን የሚያሳየው መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ።

ስንዱ ክው አለች። ቤተ-ልቡን እንዳታጠፋው ሐይቁን የሚያቆም ሌላ ነገር የለም። በሩን በቡጢ ደበደበችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም።

"ተመስገን! ተመስገን አልኩህ እኮ!"

"ይህ ፍርሃት ነው" አለ ቤተ-ልቡ። "ታገሺ፤ ደስታው አሁን ይመጣል።"

መብራቱ ቀላ። ስንዱ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አባቷ ያንኮራፋሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። በሩ ሥር ተቀመጠች። ጾሚት የሰረቀችውን ቄጤማ እየጎተተች መጣች። ፍስኬም ከነእርጥበቷ ሌላውን ጫፍ ነከሰች፤ ስበው ስበው ሁለቱም በጀርባቸው ተገለበጡ። ከደቂቃዎች በፊት ልትሞት የነበረችው ፍስኬ ሆዷን ሰጥታ ትጫወታለች።

ከበሩ ወዲያ እንደገና ማንኮራፋት ተሰማ። ስንዱ በዚህ ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትነጫነጭ ኖራለች። እናቷ የሞተች ሰሞን ግን ሌሊት ስትባንን የምትሰማው እሱን ነበር፤ እሱን ሰምታ ነበር ተመልሳ የምትተኛው። አንድ ቀን እንኳ አመስግናበት አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ያንኮራፋሉ" አለች ለራሷ። "አባቴ ዛሬም ያንኮራፋሉ። ተመስገን።"

"እኔ እኮ ገና ምንም አላዳንኩም" አለ ቤተ-ልቡ፣ ግራ እንደገባው ሰው። "ስለምንድን ነው?"

"ስላሉ ነው። በቃ፣ ስላሉ።"

መብራቱ በዝግታ ወርቃማ ሆነ፤ በሩ ተከፈተ።

አቶ ጥላዬ ዓይናቸውን እያሹ ቀና አሉ። "ምነው አፈጠጥሽብኝ? አሁንም አንኮራፋሁ?"

"ያንኮራፉ፣ አባባ። እንደ ልብዎ ያንኮራፉ።"

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ድመቶቹ ዘለው እግራቸው ሥር ተጠቀለሉ። ስንዱ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ደኅናው ቀን አብዝታ እንደምታመሰግን፣ ቤተ-ልቡንም ቀስ በቀስ ሌላ ልማድ እንደምታስይዘው አሰበች። ነፍሷ መለስ አለች።

ይህን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤታቸው ከእማማ ድንቄ ቤት፣ የበር ድብደባና የሴት ጩኸት ተሰማ። ስንዱ ብድግ አለች። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ከዚያ የእማማ ድንቄ ድምፅ ከደረታቸው ወጣ፦ "ተመስገን!" ራቅ ካለ ቤትም ሌላ ሰው እያለቀሰ ቃሉን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ።

አቶ ጥላዬ ጆሮ ሰጥተው ካዳመጡ በኋላ ፈገግ አሉ።

"ትሰሚያለሽ?" አሏት። "ሰፈሩ ዛሬ እንዴት ደስ ብሎታል!"