የድንጋዩ ዕድሜ

አጎቷ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ መጋባት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ዕድሜውን ሙሉ የገለጠው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚገልጠው ሰው ለመኮርኮም ነው። የወንድሙ ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ጸሎቷን ሳትተው አጎቷን ከናቀችው ቆይታለች።

እጮኛዋ ጂኦሎጂስት ነው። የተዋወቁት ድንጋይ ሆኖ የቀረ ቀንድ አውጣ ለተማሪዎቿ ሊያሳይ የመጣ ጊዜ ነበር። «ሚሊዮን ዓመታት አስቆጥሯል» ብሎ አስረዳ። ምሳ ሲቀርብ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ።

«አይጣሉብህም?» አለችው።

«ማንና ማን?»

«ድንጋዩና እግዜሩ።»

«ድንጋዩን ማን የሠራው መሰለሽ?» አለና ሳቀ። ለዓመታት ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገር እንደ ዋዛ ተናገረላት። የወደደችው ያኔ ነው።

የመጠየቂያው ቀን ደረሰ። አጎቷ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ምድር ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።

እጮኛዋ አየት አደረጋትና አቀረቀረ። «ስድስት ሺህ ገደማ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ!» አለ አጎቷ፣ እንደጠገበ ድመት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ።

አጎትን መናቅ ቀላል ነው። የሚወዱትን መናቅ ግን እንዴት እንደሚያም ያን ቀን አወቀች።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው» አላት ደጅ ሲወጡ።

«ለኔ? እግዜርን በውሸት የሚደልል ሰውማ ቤታችንም ሞልቷል!» ቀለበቱን አውልቃ ኪሱ ከተተችለት። ማታ ግን ትራሷ በእንባ ራሰ።

ለቤተሰቧ ትንፍሽ አላለችም። እሑድ አጎቷ መድረክ ላይ ወጥቶ እጮኝነታቸውን አወጀ፤ እንደ ደንቡም፣ «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም መልሶ የማያውቀው ጥያቄ ነበር።

«እኔ አለኝ» አለ ሙሽራው ራሱ ከኋላ ተነሥቶ። «ጋሼን ዋሽቻቸዋለሁ። ምድር እጅግ አሮጌ ናት፤ የፈጠራት ግን እግዜር ነው። ሁለቱንም አምናለሁ። ውሸታም ሆኜ ላገባት አልፈልግም።»

የአጎቷ አንገት ከከረባቱ በላይ አበጠ። «እዚህ ቤት አትጋቡም!»

«እግዜር እዚህ ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው፣ ጋሼ?» አለች እሷ። ያ ሁሉ ዓይን እያየ ሄዳ እጮኛዋ ፊት ቆመች።

«ቀለበቴን» ብላ እጇን ዘረጋች።

ኪሱን ሲዳብስ መጀመሪያ የወጣው ቀንድ አውጣው ነበር። እሱንም ተቀበለችው።