የዊልፍሬድ ሐዲድ ለምን ተጣመመ

ዊልፍሬድ ታክሬይ ዕድሜ ልኩን በእጁ ባነጠፈው የትንንሽ ባቡሮች ሐዲድ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የጓሮው ጎጆ በረዶ ነው። ማጅራቱን በመዶሻ ተመቷል። ሐኪሙ ገላውን ዳስሶ፣ «ገና ሙቀት አለው፤ ጎህ ሲቀድ ነው የሞተው» አለ።

መርማሪዋ ሞድ ሄስኬት ግን ሐዲዱን ታያለች። አሮጌው ደህና ነው፤ አዲሱ ግን መሃሉ ተጣሞ ሚስማሮቹን ነቅሏል። በሟቹ እጅ ሥር ቀጭን መጋዝ አለ።

«ይቺን መቼ አነጠፋት?» አለችው ጎረቤቱን ዴዝመንድ ፒውን።

«ትናንት አመሻሽ። እኔና ሚስቱ ኢኒድ ለመዘምራን ልምምድ ስንወጣ ሚስማር ይመታ ነበር።»

«መጋዙስ?»

«ሐዲድ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ይፈልጋል። ዊልፍ አንጥፎ ወዲያው ይቆርጥለታል። ሳይቆርጥ አያድርም።»

ሞድ ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። «ጥግ ያለውን የላምባ ማሞቂያ ይለኩሰው ነበር?»

«እሱ? ላምባው ይሸተኛል ብሎ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው የሚሠራው» አለች ኢኒድ። «ማታ ሳይገባ ሲቀርም ልፈልገው አልወጣሁም። እዚህ ማምሸት ልማዱ ነው።»

ሞድ ማሞቂያውን ነቀነቀችው። ባዶ ነው። ክሩ ግን በቅርቡ ተቃጥሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንና የሟቹን ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪውን ክሌመንትን፣ እዚያው ጎጆ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ብርድ ሐዲድን ያሳጥራል እንጂ እንዲህ አያጣምምም» አለች። «ይህ ቤት ሌሊቱን ሞቆ ነበር። አዲሱ ሐዲድ ክፍተት ስላልተቆረጠለት መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ወጣ። ስለዚህ ዊልፍሬድ የሞተው ሳይቆርጥ፣ አመሻሹ ላይ ነው። ገላውን ያሞቀው ገዳዩ የለኮሰው ማሞቂያ ነው፤ ላምባው ሲያልቅ ራሱ ጠፋ። ጎህ ሲቀድ የሞተ እንዲመስል የሚፈልገው ማነው? ለዚያ ሰዓት ምስክር ያለው ሰው። ኢኒድና ዴዝመንድ ጎህ ሲቀድ ለየብቻቸው ነበሩ፤ አመሻሹን ግን ከመዘምራኑ ጋር። እርስዎ ጎህ ሲቀድ ከሠራተኞችዎ ጋር ዳቦ ያወጡ ነበር፣ ክሌመንት። አመሻሹንስ?»

ክሌመንት ወደ ሐዲዱ ጎንበስ አለ።

«አለመቆረጡን አላየሁም» አለ። «ግማሹን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ! ከልጅነታችን ጀምሮ! ለሙዚየም ሊሰጠው ሲፈራረም ግን የራሱን ስም ብቻ አጻፈ። ለምን ስለው፣ ‹አንተ ሚስማር አቀባይ ነበርክ› አለኝ። አቀባይ!»

ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ዴዝ፣ ክፍተቱን ቁረጥለት። በጋ ሲገባ ሌላውንም ይነቅለዋል።»

ዴዝመንድ ሳያስበው ወደ ጠረጴዛው ተራመደ። ኢኒድ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ሁሉም ይነቀል።»